ታቡ ካቢኔት ውስጥ እንዳይቀር

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። ብዙ ሰው ኤችአይቲ ነው የሚለን። ቢሮዬ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቢሆንም የሥራዬ ግማሽ ያለው በእኛ ሥር ባሉት ጤና ኬላዎች ነው። ቦታው ወሎ ነው፤ አንዳንዱ ቀበሌ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ታብሌት ለተረከባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እነሱን ለምትደግፉ እንደ እኔ ላሉ ሰዎች፣ ከዚያ ደግሞ ከተማ ቁጭ ብላችሁ «ለገጠሩ አንድ አፕ እንሥራ» ለምትሉ ልጆች ነው። ለሦስታችሁም የምለው ያው ነው። ታቡ ከሁሉ በፊት የኤክስቴንሽኗን ድካም ካልቀነሰ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ሪፖርቱ ወረዳ ቶሎ ደረሰ አልደረሰ ለእሷ ምኗም አይደለም።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ሴት ባለሙያዎች። ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ የሚሆን ሰው እነሱ ላይ ነው። አምስት ያህል ጤና ኬላ ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናል። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የወባ ምርመራ፣ የሕፃናት ተቅማጥና የሳንባ ምች ሕክምና፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ሁሉም የእነሱ ነው። እዚያ ላይ ስብሰባ አለ። ዘመቻ አለ። «ይቺን ደግሞ መዝግቢልን» የሚል እንግዳም አይጠፋም።

ድሮ መረጃው በቤተሰብ ፎልደር ነበር የሚያዘው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፎልደር አለ፣ ውስጡ የእናትና የልጅ ካርድ። ቀጠሮ ያለው ሰው ካርዱ በየወሩ ተከፋፍሎ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጥር ሲገባ የጥር ክፍል ይከፈትና የጥር ሰዎች ይወጣሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሳጥን ካየኋቸው ብዙ አፖች የተሻለ የታሰበበት ነው። ችግሩ ካርዱ አንዴ የተሳሳተ ወር ውስጥ ከገባ በቃ፣ ሰውየው ከነቀጠሮው ጠፋ ማለት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ወረቀቱ ይበሰብሳል። አይጥም አለ። ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ወደ ታብሌት ማዞር ጀመረ፤ ኢ-ቺስ የምንለው እሱ ነው። ሲጀመር የተሠራው ኮምኬር በሚባል ሥርዓት ላይ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ኔትወርክ በሌለበትም መሥራቱ ነው፤ መረጃው ታቡ ላይ ይቀመጥና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል።

መጀመሪያ የሚመጣው ከባዱ ሥራ የቤተሰብ ምዝገባ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ሌላውንም አታስቸኩሉ። ከላይ «በቀን ይህን ያህል ቤት ግቡ» የሚል ኮታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ባለሙያዋ ጤና ኬላው ውስጥ ቁጭ ብላ የድሮውን ፎልደር ወደ ታቡ ትገለብጣለች። ምን ታድርግ? ከፎልደር የተገለበጠ ምዝገባ ግን የሞተውን በሕይወት ያቆየዋል፣ አግብታ ሌላ ቀበሌ የሄደችውን እናቷ ቤት ያስቀምጣታል፣ ጅዳ ከሄደች ዓመታት ያለፋትን ልጅ ደግሞ ለወሊድ መከላከያ መርፌ ይቀጥራታል። ከዚያ በኋላ ታቡ የሚያወጣው የቀጠሮ ዝርዝር ግማሹ የማይገኝ ሰው ይሆናል። ባለሙያዋ እሱን ይዛ ተራራ ወጥታ ባዶ ቤት ከገጠማት ሁለተኛ ዝርዝሩን አታምነውም። አትፈረድባትም። አንድ ጎጥ በትክክል ተመዝግቦ ሌላው ገና ቢሆን ይሻላል።

ስም ላይ ደግሞ መከራ አለ። በአንድ ጎጥ ውስጥ ፋጡማ አሊ የምትባል ሴት ስንት እንደምትገኝ የኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ብዙ ሴት ሲያገቡ አማት የምታወጣላቸው ስም አላቸው። እናቷ ቤት አንድ ስም፣ ባሏ ቤት ሌላ ስም፣ መታወቂያ ላይ ሦስተኛ። ጤና ኬላ ስትመጣ አማቷ ባወጣችላት ትመዘገባለች፣ ጤና ጣቢያ ለወሊድ ስትመጣ የመታወቂያዋን ትናገራለች፣ ከዚያ ሁለት ሰው ትሆናለች። አንዷ ነፍሰ ጡር ክትትል ጀምራ ያቋረጠች፣ ሌላዋ ያለ ክትትል የወለደች። እኛ ያደረግነው ሁለቱንም ስም መጻፍ ነው፤ ሰፈር የሚጠራትን ፊት፣ የመታወቂያውን ኋላ። የባል ስም፣ የእናት ስምና ጎጥ ሳይሞላ አይታለፍም። የፋይዳ ቁጥር ለሁሉም ሲዳረስ ይህ ይቀል ይሆናል። እስከዚያው ግን የእናቷን ስም ያህል የሚለይ ነገር አላገኘሁም።

ከስም ጋር የፊደል ነገር አለ። አንዷ «ኃይሉ» ብላ ትጽፋለች፣ ሌላዋ «ሀይሉ» ብላ ትፈልጋለች። ታቡ «የለም» ይላታል። የለም ሲላት አዲስ ትመዘግባለች። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ተስማምተው አንድ አጻጻፍ መያዝ አለባቸው፦ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ። የአማርኛ መምህር ቢያየን ያዝንብናል። ግን ሰው እንዳይጠፋ ነው።

ዕድሜና ቀን ላይ እንዲሁ። የልጁን የልደት ቀን ስትጠይቁ «በመውሊድ ሰሞን ነው»፣ «ጤፍ ሲታጨድ ነው»፣ «ለጥምቀት ማግስት» ነው መልሱ። ይህ መልስ እንጂ ስንፍና አይደለም፤ በደንብ ከተጠየቀ ቀኑን ያወጣዋል። መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የየትኛው ዓመት መውሊድ እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ። እኛ የበዓላትን፣ የአዝመራና የጾም ጊዜን ባለፉት ዓመታት ቀን ለቀን የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅተን በየጤና ኬላው ግድግዳ ለጠፍን። ከታቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ወረቀት ነው፣ ግን ታቡን ከሁሉ በላይ የጠቀመው እሱ ይመስለኛል። የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን በአንድ ወር ከተሳሳተ የመውለጃ ቀኗም በአንድ ወር ይሳሳታል፣ ማስታወሻውም ባልሆነ ጊዜ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የታቡ የራሱ ቀን ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ኔትወርክ በሌለበት ሲነሳ ቀኑ ዝብርቅርቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ ቀኑን ማየት ልማድ ይሁን።

ሰው ታቡን ሲያይ ምን ይላል? «ይቺ ለምንድን ናት? ለግብር ነው?» ይላል። «ለማዳበሪያ ዕዳ ነው?» ይላል። ልጅ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር ይፈራል፣ የጊዜውን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ፍርሃቱን በማስፈራራት ማለፍ አይቻልም፤ «መንግሥት አዟል» ያለ ሰው ሁሉ በሩ ይዘጋበታል። የሠራልን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከምዝገባው በፊት በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በቅሬም በእድርም፣ ባለሙያዋ ራሷ ታቡን ይዛ ቆማ እንድታስረዳ ማድረግ። እኔ ከጤና ጣቢያ የመጣሁት ሰው ብናገር እንግዳ ነኝ፤ እሷ ግን ልጆቻቸውን ስትከትብ የኖረች ናት። ሁለተኛው፣ ቤት ስትገባ ስክሪኑን ወደ እናትየው ማዞር። «ይኸው የአብዱ ክትባት፣ ይቺ የቀረችው ናት» ብላ ስታሳያት ነገሩ ይገባታል። ፎቶ አታንሱ። ካሜራው ሲወጣ የተገነባው እምነት ይፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በየቦታው ታብ የሚገድለው የሁለት ጊዜ ሥራ ነው። ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትሄድ ታቡ ላይ ትሞላለች። ስትመለስ ያንኑ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ምክንያቱም ለቁጥጥር የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው መዝገብ ነው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ከመዝገቡ ቆጥራ የወረቀት ሪፖርት ትሞላለች፣ እሱን እኔ ተቀብዬ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ያው መረጃ አራት ቦታ ይጻፋል። አራቱም አይገጥሙም። ከዚያ «ለምን አይገጥምም?» ተብላ የምትወቀሰው ማን ናት? እሷው።

አንዲት ከልቧ የምትሠራ ባለሙያ አለችን። ጎበዝ ናት፣ ሰው ይወዳታል። እሷ ጋ ስሄድ ታቡ ሁልጊዜ ካቢኔት ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» ትለኛለች። ቆይተን ቡና ስንጠጣ እውነቱን ነገረችኝ፦ «ወንድሜ፣ እሱን ብሞላም መዝገቡ አይቀርልኝም፤ መዝገቡን ብሞላ ግን እሱን ማንም አይጠይቀኝም።» ምን ይባላል? ልክ ናት።

ሁሉንም መዝገብ የማስቀረት ሥልጣን እኔ የለኝም፣ እናንተም ላይኖራችሁ ይችላል። ያደረግነው ትንሽ ነው ግን ሠርቷል። ከጤና ጣቢያው ኃላፊና ከሱፐርቫይዘሮቹ ጋር ተነጋግረን አንድ አገልግሎት መረጥን፣ ክትባት። ለክትባት የቀጠሮ ሳጥኑን መጠቀም ይቆማል፣ ያቋረጡ ልጆች ዝርዝር ከታቡ ብቻ ይወጣል፣ ሱፐርቫይዘሩም ጤና ኬላ ሲሄድ «ዝርዝሩን አሳዪኝ» ብሎ የሚጀምረው ከታቡ ነው። እሱ ካላየው እሷም አታየውም፣ ይህ ሕግ ነው። ክትባት የመረጥነው ውጤቱ ቶሎ ስለሚታይ ነው። ልጅ ሲወለድ ይጀምራል፣ ከዚያ 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንት አለ፣ ከዚያ ረጅም ክፍተት ሆኖ ኩፍኝ በ9 ወር ይመጣል፣ ሁለተኛው ኩፍኝ በ15 ወር። ሰው የሚጠፋው እነዚያ ክፍተቶች ላይ ነው። እናትየው ልጁ አድጎ ሲሮጥ ስታይ «ጨርሷል» ትላለች። ወረቀት ላይ እነዚህን ልጆች ፈልጎ ማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ታቡ ላይ አንድ ቦታ ነክታ በየጎጡ ታወጣቸዋለች። ያቺ ታቡን የጠቀለለችው ባለሙያ ዝርዝሩን ይዛ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆመች። እናቶች ለገበያ ሲያልፉ በስም እየጠራች «የሰኢድ እናት፣ ሁለተኛዋን ኩፍኝ አልወሰደም እኮ» ትላለች። ቤት ለቤት ከመሄድ ድና ሥራውን ጨረሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ጨርቁን አላየሁትም።

ስለዚህ ሥልጠና ስትሰጡ «እንዴት እንደሚሞላ» ብቻ አታሳዩ። መጀመሪያ ከታቡ ምን እንደምታገኝ አሳዩዋት፣ መሙላቱን ከዚያ በኋላ ራሷ ትጠይቃችኋለች። ሥልጠናው በወሩ 20 አካባቢ እንዳይሆን ደግሞ ተጠንቀቁ። የጤና ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው፤ በዚያ ሰሞን ሪፖርት ይዛ የምትሮጥ ሴት ጠርታችሁ ብታስቀምጧት አካሏ እንጂ ሐሳቧ አይመጣም።

መብራት። ብዙ ጤና ኬላ መብራት የለውም። ሶላር ያለውም ቢሆን አብዛኛው ለክትባት ፍሪጅ የተተከለ ነው። እሱ ላይ ገመድ ቀጥላችሁ ታብ ቻርጅ እንዳታደርጉ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ፍሪጁ ከደከመ የሚበላሸው የቀበሌው ልጆች ክትባት ነው። ጥሩ ፓወር ባንክ፣ ወይም ለብቻው ትንሽ ሶላር ያስፈልጋል። ገበያ ከተማ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች አሉ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች እዚያ ነው የሚሰጡት። አልከለክልም፣ ሌላ አማራጭ የላቸውማ። ግን ታቡ የሰው ሚስጥር የያዘ ነው። የይለፍ ቁጥር ይኑረው፣ ተዘግቶ ይሰጥ፣ ሲያልቅ ተይዞ ይመለስ፣ አያድር። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግና ዳታውን መዝጋት ባትሪ ይቆጥባል። ቤት ውስጥ ልጆች ዘፈንና ጌም እንዳይጭኑበት ደግሞ መቆለፊያ አፕ አድርጉበት፤ ቦታ ሞልቶ መሥራት ያቆመ ታብ ስንቱን አይቻለሁ። ክረምት ላይ ፌስታል ይበቃል፣ ውድ ሽፋን አትጠብቁ።

ኔትወርክ ላይ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም አፑ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ይህን በደንብ አየነው። ለወራት ምንም አልተላከም፣ ቀጠሮውና ዝርዝሩ ግን እዚያው ታቡ ላይ ይሠራ ነበር። ፍርሃታችን ታብ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ያልተላከው ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነበር። ስለዚህ የሚቋረጥ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች፣ ኔትወርክ ባለ ቁጥር ላኩ፤ «ቅዳሜ እልካለሁ» አትበሉ። ባለሙያዋ ለደመወዝም ለስብሰባም ከተማ ስትመጣ ታቡ አብሯት ይምጣ። ካልተላከ ደግሞ አፑን አጥፍታችሁ እንደገና እንዳትጭኑት። «አልሠራ አለኝ» ሲሉ ብዙ የሰፈር ስልክ ጠጋኞች መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው፣ ያልተላከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ሪፈር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሰው ሕይወት ያለው እዚህ ነውና። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ሰባት ወሯ አልፎ ራሷን ክፉኛ ያማታል፣ ዓይኗ ይጋረድባታል። ኤክስቴንሽኗ ግፊቷን ለካች፣ ከፍ ብሏል። ታቡ ላይ ስትሞላ የአደጋ ምልክት መሆኑ ይወጣል፣ ሪፈር አድርጋ ላከቻት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥታም መረጃውን ከታቡ ላከች። በእሷ በኩል ሥራው አለቀ። እናትየው በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ካርድ ክፍል ተሰለፈች። ማንም ስለ እሷ አልሰማም። ሪፈሩ የሚደርስበት የጤና ጣቢያው ታብ የት ነበር? ስብሰባ ያለበት አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ። እንደ እድል አንዲት አዋላጅ በኮሪደር ስታልፍ እብጠቷን አይታ አስገባቻት፣ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ሆስፒታል ተላከች፣ ተረፈች። ግን በአዋላጅ ዓይን መትረፍ ሥርዓት አይባልም።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው ታብ ወደ እናቶች ክፍል ሄደ። ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሆነ፣ ተረኛዋ ጠዋትና ከሰዓት ትከፍተዋለች። ለአደጋ ሪፈር ግን ታብ ብቻ አይበቃም፤ ይደወላል። ለተረኛ አዋላጅ ስልክ፣ ካልተነሳ ለሁለተኛ ሰው፤ ስማቸው ሳይሆን የክፍሉ ስልክ ነው ግድግዳ ላይ ያለው፣ ምክንያቱም ሰው ይዛወራል። ለየጎጡ አምቡላንስ እስከ የት እንደሚገባ፣ እስከዚያ ድረስ ቃሬዛ የሚይዙ ጎረምሶችን የሚጠራው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተጽፏል። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም የሚባልበት ቀን አለ፣ እሱን ታብ አይፈታውም፤ ግን በጊዜ ከታወቀ ባጃጅም ሚኒባስም ይፈለጋል።

መልሱም ይመለሳል። እናትየው ከታየች በኋላ አዋላጇ የሆነውን ትሞላለች፣ ለኤክስቴንሽኗ ታብ ይደርሳል፤ ወልዳ ከሆነ ቤት ለመጎብኘት ታውቃለች። ድሮ የላከቻት እናት ምን እንደሆነች የምትሰማው ከገበያ ነበር። ይህ መልስ ከመጣ በኋላ የሪፈሩ አሞላል ራሱ ተሻሽሏል፤ የሚያነበው ሰው እንዳለ አውቀዋላ። ሌላው ጥቅም የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ እናቶች ዝርዝር ነው። ሩቅ ጎጥ ያለችውን ቀድሞ ወደ እናቶች ማቆያ ማምጣት ይቻላል። «ልጆቹን ማን ያያል?» የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አለ፣ እሱን የምትፈታው አማት ናት፤ ስለዚህ ከእናትየው ይልቅ አማትን አነጋግሩ።

አዲስ አበባ ላላችሁት የአፕ ልጆች አንድ ነገር። ብዙዎቻችሁ ከስፔሻሊስት ሐኪም ጋር በቪዲዮ ማገናኘት ነው የምታስቡት። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ለሆስፒታሎች ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለጤና ኬላ ግን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ያለችው አዋላጅ ስልክ ብታነሳ ከቪዲዮው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ጉብታ ላይ ቆሞ ድምፅ እንኳ የሚቆራረጥበት ቦታ ነው።

ስልክ ስል ሌላ ጣጣ አለ። ታቡ ላይ የተመዘገበው ቁጥር የማን ነው? አብዛኛው የባል ነው፣ ወይም የጎረቤት። ቀጠሮ ለማስታወስ ስትደውሉ የምታገኙት እሱን ነው። ለልጅ ክትባት ችግር የለም። ግን ብዙ ሴት የሦስት ወሩን መርፌ ባል ሳያውቅ ነው የምትወስደው። አንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮጀክት የመጣ አውቶማቲክ መልእክት «የቤተሰብ ዕቅድ ቀጠሮዎ ደርሷል» ብሎ ባል ስልክ ላይ ገባ። በዚያ ቤት የተነሳውን ጠብ አልነግራችሁም። ስለዚህ ምዝገባ ላይ «ስልኩ የማን ነው? ብደውል ምን ልበል?» ተብላ ትጠየቅ። ለቤተሰብ ዕቅድ፣ ለኤችአይቪ መድኃኒት፣ ለእንደዚህ ያለው ነገር መልእክት አይላክ። ኤክስቴንሽኗ ውኃ መቅጃ ላይ አግኝታ «ነገ ብቅ በይ» ብትላት ይበቃል።

ቴሌግራምም እንዲሁ። የወረዳው ሁሉ ሪፖርት በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚሄደው፣ ፈጣን ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የመዝገብ ገጽ ፎቶ ከነስሙ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም። ግሩፑ ውስጥ ሥራ የለቀቀ ሰው አለ፣ የተዛወረ አለ፣ የማይታወቅ ቁጥር አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደግሞ ተራ መረጃ አይደለም። ሕጉ ቢቀር እንኳ ይሉኝታ አለ፤ የሰውየው ምርመራ ውጤት የአጎቱ ልጅ ስልክ ላይ መገኘት የለበትም። ቁጥር ላኩ፣ ስም አትላኩ።

በመጨረሻ የገንዘብ ነገር፣ ማንም የማያነሳው። ታቡን ለጋሽ ይሰጣል፣ ሥልጠናውን ለጋሽ ይሰጣል። የደወለችበትን የአየር ሰዓትና የዳታውን ካርድ ማን ይሞላል? በብዙ ቦታ ኤክስቴንሽኗ ከደመወዟ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ከውስጥ ገቢው ለየጤና ኬላው በወር ትንሽ ካርድ እንዲሞላ ተፈቅዷል። ሰፊ ገንዘብ አይደለም፤ ለአደጋ ሪፈርና ለመላክ ይበቃል። ይህን ለማስፈቀድ የጠቀመን ሪፈር የተደረጉ እናቶችና ያቋረጡ ሕፃናት ዝርዝር ይዘን ቦርዱ ፊት መቅረባችን ነው፤ ዝርዝሩ የወጣው ከታቡ ነበር። ዓመታዊ ዕቅድ ስታወጡ የካርዱን፣ የፓወር ባንኩንና የተሰበረ ስክሪን ማስጠገኛውን በጀት ለብቻው ጻፉት። «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር ይበላዋል።